አልወርድም ያለው ወጣት፦ የ1909ኙ የልጅ ኢያሱ ጉዳይ ከሐረርና ከድሬ ሲታይ

ባለፈው ሰሞን ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ ሥር፣ ሻይ ይዘን ተቀምጠን ነበር። ወሬው እንደ ልማዱ ወደ ፖለቲካ ሄደ። አንዱ ጓደኛችን ስልኩን እየጎረጎረ፣ "አቦ፣ መሪው አልወርድም ካለስ ማን ነው የሚያወርደው?" አለ። ሁላችንም የመሰለንን ወረወርን። አንዱ ጦሩ ነው አለ። አንዱ ሕዝቡ ነው አለ። ሌላው ፈረንጅ ካልፈቀደ ማንም አይወርድም ብሎ ድርቅ አለ።

አጠገባችን ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሰው ነበሩ። ብርጭቋቸውን አስቀመጡና፣ "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" አሉ። ከዚያ ወደ ምዕራብ፣ ሐዲዱ ወደሚሄድበት ወገን፣ በእጃቸው ጠቆም አደረጉ። "ይህን ጥያቄ እኔን ሳይሆን ሚኤሶን ጠይቁ።"

ሚኤሶ ለእኛ ወደ አዲስ አበባ ስንወርድ በመስኮት የምናያት ሙቀቷ የሚፋጅ ከተማ ናት። ግመል፣ አቧራ፣ ውሃ የሚሸጡ ልጆች። ከዚህ ሌላ ምንም አስቤባት አላውቅም ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ነገሩ አልለቀኝም፤ ያገኘሁትን ስሰበስብ ከረምኩ።

ጉዳዩ የልጅ ኢያሱ ነው። ከሥልጣን ወርደሃል ሲባል ቤተ መንግሥቱ ውስጥ አልነበረም። እዚህ እኛ አገር፣ ሐረርጌ ላይ ነበር። ወሬውን የሰማው እዚህ ሆኖ ነው፤ እምቢ ያለውም ከዚህ ተነስቶ ነው።

አንድ ነገር ላስቀድም። ኢያሱን አንቱ አልለውም። በንቀት አይደለም። ይህ ሁሉ ሲሆን ዕድሜው 21 ነበር፤ ባላንጣው ተፈሪ፣ የኋላው ኃይለ ሥላሴ፣ ደግሞ 24። የአገሪቱን ዕጣ በእጃቸው ይዘው ሲሻሙ የነበሩት ዛሬ ቢሆን ከዩኒቨርሲቲ ገና የሚመረቁ ልጆች መሆናቸውን እንዳንረሳ ብዬ ነው።

ሁለቱ መሐላዎች

ኢያሱ የተወለደው በጥር 1887 ዓ.ም. ነው። እናቱ ወይዘሮ ሸዋረጋ የዐፄ ምኒልክ ልጅ ናቸው። አባቱ የወሎው ራስ ሚካኤል። ምኒልክ ሕመም ሲጠናባቸው፣ በግንቦት 1901፣ አልጋቸውን የሚወርሰው እሱ መሆኑን በአዋጅ አስነገሩ። ልጁ 14 ዓመቱ ነበር። አዋጁ እርግማን ነበረው፤ ቃሉን ያፈረሰ ጥቁር ውሻ ይውለድ የሚል። ዛሬ ስንሰማው ፈገግ ያሰኘናል። በዚያን ጊዜ ግን ሕገ መንግሥት ማለት ይኸው ነበር። የተጻፈ የሥልጣን ዘመን የለ፣ ምርጫ የለ፣ ፍርድ ቤት የለ። ሰውን አስሮ የሚይዘው መሐላና ግዝት ነው።

እንደራሴው ራስ ተሰማ ናደው በ1903 ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ኢያሱ ሞግዚት ሳይኖርበት ገዛ። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 አረፉ፤ ሞታቸው ግን ለሕዝብ አልታወጀም። ኢያሱም ዘውድ ሳይጭን ቀረ። ይህ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። አባቱን በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ደሴ ውስጥ ንጉሥ አስብሎ አነገሠ። እሱ ራሱ ግን እስከ መጨረሻው "ልጅ" እንደተባለ ኖረ። ቅብዐ ቅዱስ ያልተቀባን ሰው ከአልጋ ማውረድ፣ ለሚያወርዱት ሰዎች ሕሊና ቀለል ይላል። ሥልጣኑን ሙሉ በሙሉ ሳይረከብ ሥልጣኔን አለቅም ያለ መሪ ነው እንግዲህ የያዝነው።

ሁለተኛው መሐላ የሐረር ጉዳይ ነው። የራስ መኰንን ልጅ ተፈሪ ከ1902 ጀምሮ ሐረርን ይገዛ ነበር። የተወለደውም እዚሁ፣ ኤጀርሳ ጎሮ ነው። ኢያሱና ተፈሪ በጳጳሱ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ተማምለው ነበር። ተፈሪ የኢያሱን አልጋ ላይመኝ፤ ኢያሱም ሐረርን ከተፈሪ ላይነጥቅ። ለበለጠ ማጠናከሪያ ጋብቻ ተጨመረበት። የተፈሪ ሚስት ወይዘሮ መነን የኢያሱ እህት ልጅ ናቸው። እንግዲህ አስቡት። ከዚህ በኋላ የሚሆነው ሁሉ ሠርግ ላይ አብረው የበሉ ሰዎች ጠብ ነው።

በነገራችን ላይ ይህ ታሪክ ሳይጀመር ሊያልቅ ነበር። በ1907 ተፈሪ ሐረማያ ሐይቅ ላይ በጀልባ ሲሄድ ጀልባዋ ሰጠመች። መምህሩ አባ ሳሙኤል እዚያው ቀሩ። ተፈሪ ተረፈ። ሐይቁ በእኛ ዘመን ደርቆ፣ አሁን ደግሞ መልሶ ውሃ መያዝ ጀምሯል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ያ ቀን ትዝ ይለኛል፤ በቦታው የነበርኩ ይመስል።

በነሐሴ 1908 ኢያሱ ቃሉን አጠፈ። ተፈሪን ከሐረር ሽሮ ከፋን ሾመው። ሐረርንም በእጁ አደረገ። የራሴ ፍርድ ይህ ነው፦ ኢያሱ የወደቀው መስከረም ላይ አይደለም፤ ነሐሴ ላይ ነው። ምክንያቱም መሐላ ሁለት ጫፍ አለው። አንዱን ጫፍ ስትለቅ ሌላውን ማንም አይይዝልህም። ከዚህ የባሰው ደግሞ፣ የተሻረው ሰው ወደ ከፋ ሳይሄድ አዲስ አበባ ነበር፤ ሻሪው ሐረር። ባላንጣህን ቤትህ ትተህ አንተ እሱ ቤት ገብተህ ተቀመጥክ ማለት ነው።

ሐረር ላይ ምን ይሠራ ነበር?

ዘመኑ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። ሐረር በዚያን ጊዜ ዳር አገር አልነበረችም። በአንድ በኩል የእንግሊዝ ሶማሌ፣ በአንድ በኩል የፈረንሳይ ጅቡቲ፣ በሌላ በኩል የኢጣሊያ ሶማሌ። የኦቶማን ቆንስላ ሐረር ውስጥ ቢሮ ነበረው። ከእንግሊዝ ጋር ዓመታት የተዋጉት ሰይድ መሐመድ አብዲሌ ሐሰን ከዚህ ሩቅ አልነበሩም። ኢያሱ ከእነዚህ ሁሉ ጋር ይነጋገራል። የሐረር ሰው የሆኑትን አብዱላሂ ሳዲቅን ሾመ። መስጊድ ይገባል። ጥምጣም ይጠመጥማል። ከሱማሌውም ከአፋሩም ባላባት ጋር ይጋባል፣ ይዛመዳል።

ሸዋ ያሉት መኳንንት ይህንን ሲያዩ ሰልሟል አሉ። ሰልሞ ነበር ወይ? የታሪክ ሰዎች እስካሁን ይከራከሩበታል። በጥምጣም የተነሳው ፎቶግራፍ የተቀናበረ ነው የሚሉም አሉ። እኔ እንደ ድሬ ልጅ ሳየው ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። እዚህ ክርስቲያኑ የጎረቤቱን ኒካህ ይውላል፣ ሙስሊሙ ለጎረቤቱ ጥምቀት ድግስ ያግዛል። ማንም ሰለመ ወይም ተጠመቀ አይልም። የአገሩን ግማሽ ሕዝብ ወደ ማዕድ ለማምጣት አስቦ ከሆነ ሐሳቡ የሚያስወግዘው አልነበረም። ጉድለቱ ሌላ ነው። ለሸዋ አላስረዳም። ወራት ሙሉ ከዋና ከተማው እየራቀ፣ ሥራውን እየተወ፣ ሲመጣም ሽማግሎቹን ሰድቦ የሚሄድ ወጣት ነበር። አያቱ ያሳደጓቸውን የጦር ሰዎች "የአያቴ ሙክቶች" ይላቸው ነበር እየተባለ እስካሁን ይወራል። ብሎም ይሁን ሳይል፣ መወራቱ ራሱ ይበቃል።

መስከረም 2 ቀን 1909 የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣሊያ ሌጋሲዮኖች (የዲፕሎማሲ ቢሮዎች) የተቃውሞ ደብዳቤ ለመንግሥቱ አስገቡ። ይዘቱ ባጭሩ፦ ገዥያችሁ ጠላቶቻችንን እየረዳ ነው፣ መልስ ስጡን። ያቺ ወረቀት ለአድመኞቹ ትልቅ ነገር ናት። ጠመንጃ የሚገባው በጅቡቲ ነው። ጅቡቲ የፈረንሳይ ናት። ባቡሩም የፈረንሳይ ነው። ከሦስቱ ጋር የተጣላ ገዥ ጥይቱ ሲያልቅበት የሚሞላለት የለም።

የመስቀል ዕለት

መስከረም 17 ቀን 1909። መስቀል ነው። መኳንንቱ ከነሠራዊታቸው ለበዓሉ አዲስ አበባ ተሰብስበዋል። ማንም ለምን መጣችሁ አይላቸውም። ለአድማ ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም። ኢያሱ ደግሞ መስቀልን እንደ ገዥ ከሠራዊቱ ፊት መዋል ሲገባው እዚህ ሐረርጌ ላይ ነው።

የሚፈለገው አንድ ሰው ነው፤ አቡነ ማቴዎስ። ሕዝቡን በኢያሱ ስም ያስማሉት እሳቸው ናቸው። ካልፈቱት አይፈታም። ጳጳሱ እንዳመነቱ ይነገራል። የእርግማኑ ነገር ቀላል አይደለማ! ለምኒልክ ቃል ገብተዋል። በመጨረሻ ግን፣ ሰውየው ሃይማኖቱን ከለወጠ መሐላው ፈርሷል በሚለው ተስማሙ። ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱ። የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ተፈሪ ራስ ተብሎ አልጋ ወራሽ ሆነ። የጦሩ አባት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴም ከዚህ ወገን ቆሙ። በአንድ ጠዋት ሁሉም አለቀ።

አለቀ የሚባለው አዲስ አበባ ላይ ነው እንጂ።

በአዲስ አበባና በሐረር መካከል የስልክ ሽቦ ከተዘረጋ ወደ 20 ዓመት ሆኖት ነበር። ስለዚህ ወሬው በበቅሎ አልመጣም። እስኪ አስቡት፤ ሐረር ውስጥ ሽቦው የገባበት ያ ቤት ያን ሰሞን ምን ይመስል እንደነበር። የሐረር ሹማምንት ግማሾቹ የራስ መኰንን አሽከሮች ልጆች ናቸው። ልባቸው ከተፈሪ ጋር ነው። ግማሾቹ ከኢያሱ ጋር ትላንት የተሾሙ ናቸው። ሁለት መንግሥት በአንድ ሽቦ ትእዛዝ ይልካል። የትኛውን ትሰማለህ? ከሥልጣን አልወርድም የሚል ሰው ሲኖር የሚቸገረው እሱ አይደለም። ሁለት ትእዛዝ በእጁ የያዘው ተራ ሹም ነው። ጥሪውን ሰምቶ ተነስቶ የሚሄድ ወይም ደረሰኝ ሳይል የሚያድር። በየአገሩ ይህን መሰል ጉዳይ ሳነብ ሁልጊዜ እነዚህ ሰዎች ናቸው የሚያሳዝኑኝ፤ ስማቸውን ማንም አይጽፍም።

እምቢታው

ኢያሱ እሺ ሊል ይችል ነበር። ጅቡቲ ቅርብ ናት፣ ባቡር አለ። ይሁን እንጂ ፈረንሳይ እንዴት እንደምትቀበለው ማን ያውቃል። ደግሞም ከእሱ ዓይን እንየው። የአያቱ አዋጅ አለው። ተሽሬያለሁ ብሎ የሚያምንበት ምክንያት የለም። ለእሱ አዲስ አበባ ያሉት አመፀኞች ናቸው፤ ሕጋዊው እሱ ነው። አልወርድም የሚል መሪ ሁሉ ይህንኑ ይላል። "እምቢ አልኩ" የሚል አንድም የለም። "ሕጉ ከእኔ ጋር ነው" ነው የሚለው።

ስለዚህ ጦር አንቀሳቀሰ። ጦሩ በሐዲዱ አቅጣጫ ወደ ምዕራብ ሄደ። ከአዲስ አበባ የመጣው ጦር ሚኤሶ ላይ ጠበቀው። ተመታ፤ ወደ ኋላ ተመለሰ። ሽማግሌው ሚኤሶን ጠይቁ ያሉት ይህን ነው። ከሐረር ተነስቶ አዲስ አበባን መልሶ ለመያዝ የነበረው ዕድል ከሞላ ጎደል እዚያ ሞቃት ሜዳ ላይ ቀረ። ዛሬ ከሚኤሶ ወደ ደጋው ወጣ ሲሉ የሚገኘው ከተማ ለረጅም ጊዜ አሰበ ተፈሪ ሲባል ኖሯል፤ አሁን ጭሮ ነው። አሸናፊ ስሙን በመንገዱ ላይ ይተዋል።

አንድ የማልረዳው ነገር አለ፤ ከጓደኞቼ ጋርም ተከራክረንበታል። ለምን ራሱ ቶሎ አልሄደም? አንዱ ጓደኛዬ "ፈርቶ ነው" ይላል። እኔ አይመስለኝም። የአያቱ ስም ብቻውን ተዋግቶ የሚያሸንፍ መስሎት ነው እላለሁ። ሸዋ ኢያሱን ለማውረድ አንድ ጠዋት ነው የፈጀበት፤ ኢያሱ ለመነሳት ቀናት ፈጀ። በእንዲህ ዓይነት ነገር ውስጥ የመጀመሪያው ሳምንት ሁሉ ነገር ነው። ሰው ሁሉ ዐይኑን ተክሎ የሚያየው ማን ቀድሞ ማን እንደሚታዘዝ ነው።

ከሚኤሶ በኋላ ሐረር አልተመቸችውም። ጥቂት ሰው ይዞ በአፋር በረሃ አድርጎ ወደ ሰሜን አቀና። አባቱ ጋ ለመድረስ።

አባት ሲገባበት

ንጉሥ ሚካኤል ወሎን አስነስተው ወደ ሸዋ ወረዱ። ጥቅምት 9 ቀን ቶራ መስክ ላይ የራስ ልዑልሰገድን ጦር ደመሰሱ፤ ራስ ልዑልሰገድም እዚያው ወደቁ። አዲስ አበባ በፍርሃት ተንቀጠቀጠች። ሚካኤል በዚያው ግስጋሴ ቢገፉ ማን ይገታቸው ነበር? አልገፉም። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የሚያዘናጋ ደብዳቤ ላኩላቸው፣ እኔ ከእርስዎ ጋር ነኝ አሏቸው ይባላል። ያንን ጊዜ ሸዋ ጦሩን ከየጠቅላይ ግዛቱ አሰባሰበበት።

ጥቅምት 17 ቀን 1909፣ ከመስቀሉ አድማ ልክ አንድ ወር በኋላ፣ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ ሰገሌ ላይ ተጋጠሙ። ከአድዋ ወዲህ በኢትዮጵያ ምድር እንዲያ ያለ ጦርነት አልታየም። ሰገሌ ላይ ግን የሚተላለቁት የአንድ አገር ሰዎች ናቸው። አድዋ ላይ ጎን ለጎን የተሰለፉ ሰዎች እዚህ ፊት ለፊት ቆሙ። ሚካኤል ተሸነፉ፣ ተማረኩም። በሰንሰለት ታስረው በድል ሰልፉ ላይ ጃንሜዳ ቀረቡ።

ኢያሱስ? በዚያው ቀን ጠዋት ጥቂት ሺህ ሰው ይዞ አንኮበር ደርሶ ነበር። አንድ ቀን ቀድሞ ቢሆን። ከዚያ መንገድ ላይ ስንት ቀን እንደባከነ አስባለሁ። የአባቱን ሽንፈት ሰምቶ ዞረ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሌላ ሰው ቢያስረዝመው ይሻላል፤ እኔ አሳጥራለሁ። ደሴ ሄደ። ትግራይን ለመነ፣ ጣልያኖችን ለመነ። አልሆነም። መቅደላ ላይ ከራስ ይመር ጋር ተከበበ። በ1909 ክረምት ከበባውን ሾልኮ ወጣ፤ የወሎን ገበሬ አስነሳ። በነሐሴ ሀብተ ጊዮርጊስ መጥተው ያንን ጦር መቱት። ከዚያ ጥቂት መቶ ተከታይ ይዞ አፋር በረሃ ገባ። ዓመታት እዚያ ተንከራተተ። በጥር 1913 ትግራይ ውስጥ በደጃዝማች ጉግሣ አርአያ እጅ ተያዘ። ቁጠሩት፤ ከመስቀል 1909 እስከ ጥር 1913 አራት ዓመት አለፈው። አራት ዓመት ሙሉ "እምቢ" አለ። ይህን ያህል ጊዜ እምቢ ማለት የቻለው የሚታዘዝለት መንግሥት ኖሮት አይደለም። የሚደብቀው ሰው ስላላጣ ነው። ያ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የአፋሩ ሰው ንጉሥ አልሸሸገም፤ እንግዳ ነው የሸሸገው።

ታዲያ ማን አወረደው?

ወደ ከዚራው ጥያቄ እንመለስ። ጦሩ ነው ያለው ጓደኛችን ትክክል ይመስላል፤ ሰገሌ አለ። ግን ሰገሌ የመጣው ውሳኔው ካለቀ በኋላ ነው። የጦሩ አባት መስቀል ዕለት ወገን ባይለዩ፣ ጳጳሱ ባይፈቱ፣ የሦስቱ ሌጋሲዮን ወረቀት ባይኖር፣ ጦሩ የሚሰበሰብበት ምክንያት አይኖረውም ነበር። ሕዝቡ ነው ያለውም ትክክል አይደለም፤ ሕዝቡን የጠየቀው የለም። የተጠየቀው ጉዳዩ ካለቀ በኋላ፣ ልጁን ለሰገሌ ስጥ ተብሎ ነው። ፈረንጅ ነው ያለውም ግማሽ እውነት አለው።

የእኔ መልስ ቀላል ነው። አልወርድም የሚለው ሰው ብቻውን ሲሆን ያወርዱታል። መሪ ማለት የሚታዘዙለት እጆች ናቸው። ጉምሩክ የሚሰበስበው፣ ሽቦውን የያዘው፣ ግምጃ ቤቱን የሚቆልፈው፣ ቃሉን ባርኮ የሚያስምለው። ኢያሱ ከእነዚህ አንዱንም አዲስ አበባ ላይ አልተወም። ድሬዳዋ ላይ ጉምሩኩ ነበረው፤ ለጥቂት ቀን። ሐዲዱ አዲስ አበባ ገና አልገባም፤ የገባው በዚያው በ1909 ማገባደጃ ነው። ቢሆንም በመንገዱ ላይ ያለው ጣቢያ የማን እንደሆነ ሚኤሶ ነገረችው።

ሌላም አለ። ጳጳስ መሐላን ይፈታል፣ ይገዝታል። ግን ማን እውነቱን ይናገራል የሚለውን የሚያጣራ አልነበረም። ሰልሟል የሚለው ክስ አልተመረመረም። ተከሳሹም አልቀረበም። ስለዚህ ኢያሱ "ተገለበጥኩ" ሲል ሐሰት ነው ማለት አይቻልም። ተፈሪም "አወረድነው" ሲል እንዲሁ። ይህን ከቅርቡ ጋር ሳስተያየው ልዩነቱ ይገባኛል። የጋምቢያው ያህያ ጃሜህ እ.ኤ.አ. በ2016 ምርጫ ተሸነፈ። መጀመሪያ እሺ አለ፣ በሳምንቱ እምቢ አለ። አሸናፊው አዳማ ባሮ ዳካር በሚገኘው ኤምባሲያቸው ቃለ መሐላ ፈጸመ። የጎረቤት አገሮች ጦር ገባ። ጃሜህ ጥር ላይ፣ ብዙም ደም ሳይፈስ፣ በአውሮፕላን ወጣ። እዚያም ጦር አለ፣ እዚያም ውጭ አገር አለ። ግን የተቆጠረ ድምፅ ነበር። "ሕጉ ከእኔ ጋር ነው" ሲል ቁጥሩን አሳዩት። እኛ ጋ የሚታይ ቁጥር አልነበረም፤ ጥቁር ውሻ የሚል እርግማን ብቻ።

በእኛ ሕገ መንግሥት ዛሬ አንቀጽ 9 በሕገ መንግሥቱ ከተደነገገው ውጭ ሥልጣን መያዝ የተከለከለ ነው ይላል። የተጻፈ ነገር አለ ማለት ነው። ጓደኛዬ ይህንን ስነግረው፣ "ወረቀቱንማ ማን አጣው፤ ሞኙን ነው የምንፈራው" አለኝ።

ከድሉ በኋላ አሸናፊው ምን ሠራ የሚለውም ትምህርት አለው። ተፈሪ ኃይለ ሥላሴ ተብሎ በ1923 ዘውድ ጫነ፤ በዚያው ዓመት የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት አወጣ። ዘውዱ ከእርሳቸው ዘር እንዳይወጣ አደረጉ (እነሆ፣ አሁን አንቱ አልኩ፤ ዘውድ ጭነዋል)። አልጋ እንዴት እንደሚወረስ ተጻፈ። እንዴት እንደሚወረድ ግን ዝም ተባለ። በ1967፣ መስከረም 2 ቀን፣ የሦስቱ ሌጋሲዮን ደብዳቤ በደረሰበት በዚያው ቀን፣ ደርግ እሳቸውን በቮልስዋገን ጭኖ ከቤተ መንግሥት አወጣቸው። ጦር አላነሱም። ጦር የሚያነሱበት ሰው አልቀረላቸውም ነበር። ቀኑ መገጣጠሙ ድንገት ነው፤ እኔ ግን ባየሁት ጊዜ ደግሜ ቆጥሬዋለሁ።

ተመልሶ መጣ

ኢያሱ ከተያዘ በኋላ ፍቼ ላይ በራስ ካሣ እጅ ታሰረ። እስሩ የተመቸ ነበር ይላሉ። በ1924 አመለጠ። የጎጃሙ ራስ ኃይሉ እጃቸው አለበት ተባለ፤ እሳቸውም በዚያው ታሰሩ። ኢያሱ ብዙም ሳይቆይ ተያዘ። ከዚያ ወዲያ ፍቼ አልታመነም። ወዴት ተወሰደ መሰላችሁ? ሐረርጌ። ጋራ ሙለታ፣ ግራዋ አጠገብ።

ከነሐሴ 1908 ጀምሮ ሊይዛት የፈለገ አገር ውስጥ እስረኛ ሆኖ ተመለሰ። ጣልያን ሲገባ፣ አውሮፕላኖቹ በኢያሱ ስም ሕዝቡን የሚቀሰቅስ ወረቀት ይበትኑ ነበር። በዚያው ሰሞን፣ በኅዳር 1928፣ ሞተ። ዕድሜው 40 ነበር።

ከከዚራው ወሬ በኋላ ወር ሳይሞላ ሐረር ሄጄ ነበር። ከዝናብ በኋላ ሰማዩ ጠራ። ከፍ ካለው ሰፈር ቆሜ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሳይ ተራራው በሩቁ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። አንዲት ሴት በርበሬ እያሰጣች ነበር። "ያ ጋራ ሙለታ ነው?" አልኳት። "አዎ፣ ሰማይ ሲጠራ ይታያል" አለችኝ፤ ከዚያ ደግሞ ሳቅ ብላ፣ "ስሙስ ምን ማለት ሆነና።" ኦሮምኛ ነው። ጋራ ሙለታ፣ የሚታየው ተራራ።